ስልኩን የያዘው ማን ነው

ጥቅምት 4 ቀን

ለልጄ ጓደኛ፣ ለሽቦ፤

እንዴት ከረምክልኝ? ሥራው፣ ብርዱ፣ የካምፑ ምግብ እንዴት ይዞሃል? እኔ አለሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱ የዘገየው እጄ ከመርፌ ጋር እንጂ ከብዕር ጋር ስላልኖረ ነው። አንድ ገጽ ከምጽፍ አንድ የተማሪ ዩኒፎርም ብሰፋ ይቀለኛል።

ቀብሩ ላይ ባለመገኘትህ ይቅርታ መጠየቅህን ተው። ጥፋቱ የኛ ነው። ወደናንተ ለሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ሰጥተነው ነበር፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት እዚያው ከረመ። አንተ ስትሰማ እኛ እንግዶቹን ሁሉ ሸኝተን ጨርሰን ነበር። ረስተንህ እንዳይመስልህ።

«እንዴት ሆነ?» ላልከው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ጠግኖ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል። ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እህቱ አታውቅም። ሚጣ ወንድሟ መሞቱን አልሰማችም። ባሏን ተከትላ ባሕር ማዶ ከሄደች ወዲህ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ አዝዟታል። ባሏ መርዶውን የሰማ ቀን በስልክ አለቀሰና «እማዬ፣ በፈጠረዎት፣ እስክትገላገል አይንገሯት። ይሄንንም ካጣን እሷም አትተርፍልኝም» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ለሚጣ «ወንድምሽ ስልክ የሌለበት ሩቅ ቦታ ለሥራ ሄዷል» ብያታለሁ። በደወለች ቁጥር ድምፄን ለመያዝ የምሆነውን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ጨርቅ አፌ ላይ አድርጌ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። መቼም እንዲህ የሚከርም ጉንፋን የለም። ባለፈው ስትደውል «እሺ ስልክ የለውም እንበል፤ በኢንተርኔት የምጽፍለትንስ ለምን አይመልስም?» አለችኝ። ለካ ይጻጻፉ ኖሯል። የምትልክለት ሁሉ የሆነ ቦታ ተቆልሎ እሱን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ያንን ማንበብ እፈልጋለሁ። ምን እንደጠረጠረች፣ የት እንደሚያማት፣ ለኔ የማትለውን ለሱ ትለዋለች። ከሰፈር ሱቅ አንድ ጎረምሳ አምጥቼ ነበር። ለልጄ ኮምፒውተር የሰፋሁለትን የአቧራ መሸፈኛ ገልጦ አየና ሳቀ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው! ይጣልና አዲስ ላምጣልዎ» አለኝ። በሩን አሳየሁት። ያንን ኮምፒውተር አንተና ልጄ ከስንቱ ቁርጥራጭ ለቃቅማችሁ እንደገጠማችሁት አውቃለሁ። ስለዚህ ከስልኩ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አንተው በደብዳቤ አስተምረኝ። የስፌት መኪና ፈትቼ እገጥማለሁ፤ ይሄም አያቅተኝም።

የጓደኛህ እናት

---

ጥቅምት 16 ቀን

ማዘርዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ካምፑ ውስጥ ያለው ስልክ የአለቆች ብቻ ነው፤ እንጂማ ድምፅዎን ሰምቼ ባለቀስኩ ነበር። እዚህ ማንም እሱን ስለማያውቀው ሐዘኔን የምነግረው ሰው እንኳ የለኝም። ገመድ ስዘረጋ እውላለሁ፣ ማታ እተኛለሁ።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ «የተሳሳተ ነገር ብነካ ይፈነዳል ወይ?» ላሉኝ፣ አይፈነዳም። ቢበዛ ይኮርፋል። ያጥፉትና ያብሩት፣ ይታረቅዎታል።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያገኛሉ፤ የስልክ ገመድ ጫፍ ልክ የሚገባባቸው ናቸው። አንደኛው አጠገብ የስልክ ሥዕል አለ። እሱን ይተዉት። ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ ሥዕል በሌለው ውስጥ ይሰኩት፣ ጠቅ እስኪል። ጠቅ ካላለ አልገባም። ከዚያ ያብሩት። መጀመሪያ ደመናና ሰማይ ያሳይዎታል። አሮጌው ዊንዶውስ ነው፤ ይንቀራፈፋል፣ ሆዱ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ቢሆንም አይቆጡት።

ቀጥሎ ከላይ በግራ በኩል «ማይ ኮምፒውተር» የሚለውን ማውዙን ይዘው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት። በውስጡ «ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ» የሚል ቢጫ አቃፊ አለ። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በሌላ ወረቀት በትልልቁ ጽፌ ልኬልዎታለሁ፤ ከስክሪኑ ጋር እያስተያዩ ይሂዱ። አቃፊው ውስጥ ኮምፒውተርና ስልክ ያለበት አንድ ሥዕል ይጠብቅዎታል። እሱን ሁለቴ ሲነኩት ስም፣ ፓስወርድና ስልክ ቁጥር የሚጠይቁ ሦስት መስመሮች ይመጣሉ። ማዘርዬ፣ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። የተጻፈ ካለ አይንኩት። ባዶ የሆነ ካለ ብቻ በወረቀቱ ላይ ባሰፈርኩት ይሙሉት። በመጨረሻ «ኮኔክት» የሚለውን ይጫኑ።

ከሚጣ ስለ መደበቁ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ማንበብ ግን ክፋት የለውም፤ ያንብቡት።

ልጅዎ ሽቦ

---

ጥቅምት 28 ቀን

ለሽቦ፤

ልጄ፣ አበላሸሁት።

ገመዱ ጠቅ ብሎ ገባ። ደመናው መጣ። ቢጫውን አቃፊ አገኘሁት። ሦስቱ መስመሮች ሲመጡልኝ እንዴት እንደኮራሁ! ስሙ ተጽፏል፣ አልነካሁትም። ቁጥሩ ተጽፏል፣ አልነካሁትም። መካከለኛው ላይ ግን ጽሑፍ የለም፣ ትንንሽ ኮከቦች ናቸው የተደረደሩት። ኮከብ ጽሑፍ ነው ወይ? እኔ የመሰለኝ ያልተሞላ ቦታ መሆኑን ለማሳየት እንደ ጥልፍ የተደረገ ጌጥ ነው። «ባዶ ከሆነ ይሙሉት» ብለሃላ። ጌጡን አንድ በአንድ አጠፋሁና ወረቀትህ ላይ ያለውን ጻፍኩበት። «ኮኔክት» ስለው ቁጥሩን ደወለ፣ ጥቂት ጮኸና አንድ ነገር ጽፎ ቆመ። ደጋገምኩት። ያው ነው።

ማታ ጎረቤቴ መምህሯ መጣች። ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ያ እኮ ፓስወርዱ ነው፤ ሰው እንዳያየው ነው በኮከብ የሚሸፈነው!» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ይሸፈናል? ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ ማን አለ?» ብዬ ተቆጣኋት። የተቆጣሁት በራሴ ነው።

እንግዲህ እነዚያን ኮከቦች የደረደራቸው የልጄ ጣት ነበር። ልብሱን እንኳ እስካሁን ያላጠብኩ ሴት፣ ያን በገዛ እጄ ደመሰስኩት። ወደ ሚጣ ደብዳቤዎች የሚወስደውን በርም ዘጋሁት። ከዚህ በኋላ የሚከፈትበት መንገድ አለ? ካለ ንገረኝ። ከሌለም ደብቀህ አታቆየኝ። የመደበቅን ነገር አሁን አውቀዋለሁ።

---

ኅዳር 7 ቀን

ማዘርዬ፣

ምንም አላበላሹም! ጥፋቱ የኔ ነው። ኮከብ ለኔ ኮከብ መሆኑ ቀርቶብኝ ስንት ዘመኔ ነው፤ አዲስ ሰው ምን ብሎ ያየዋል ብዬ አላሰብኩም።

የጠፋው ከስልክ መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ፓስወርድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩልዎ እኔ የማውቀውን የድሮውን ነበር፤ ልጅዎ ከዚያ ወዲህ ለውጦት ኖሯል፤ አዲሱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ለኔም። ነገር ግን የአገልግሎት ውሉን ይዘው ቢሄዱ ሌላ ይሰጡዎታል። ውሉ የሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ መሆን አለበት። የሚጣ ደብዳቤዎች የሚገቡበት ፕሮግራም የራሱ ሌላ ፓስወርድ አለው፤ እሱ እንዳለ ነው። መስመሩ ከተገናኘልዎ በኋላ የፖስታ ሥዕል ያለበትን ይክፈቱና «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ» የሚለውን ይጫኑ። ያኔ ይዘንባሉ። እዚያም ኮከብ ካዩ እባክዎን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።

ተናድጄብዎ እንዳይመስልዎ። ማዘርዬ፣ እኔና እሱ ሥራ የጀመርን ሰሞን የአንድ ነጋዴን የኮምፒውተር ሒሳብ በሙሉ አጥፍተን፣ ነጋዴው በራችን ላይ ቆሞ ሲሰድበን እሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ «እኔ የለሁም በለው» ይለኝ ነበር። እርስዎማ ኮከብ ነው ያጠፉት።

ሽቦ

---

ኅዳር 22 ቀን

ለሽቦ፤

ተገናኘ።

በመጀመሪያ ግን ስልክ መሥሪያ ቤት የሆነውን ልንገርህ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ማስቲካ እያኘከ ውሉን አየና «ደንበኛው ራሱ ይምጣ» አለኝ።

«አይመቸውም» አልኩ።

«ሲመቸው ይምጣ። እኛ የትም አንሄድም።»

«እናቱ ነኝ።»

«እማማ፣ እናትነትዎን ማን ካደ? ፊርማው ግን የሱ ነው።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። አንዲት ሴትዮ «እማማ፣ ነገ ልጅዎን ይዘው ይምጡ እንጂ! እኛም ሥራ አለን» አለችኝ።

«ሞቷል» አልኩ።

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ሚጣ እንዳትሰማ ብዬ አፌን ስዘጋ ለካ እኔም ሳልሰማው ኖሬአለሁ። ልጁ ማኘኩን ተወ። ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ አዲሱን ፓስወርድ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጠኝ። ያቺ ሴትዮ ተራዋን ትታ ቦርሳዬን ተሸክማ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ቤት ገብቼ «ኮኔክት» አልኩት። ጮኸ። በመቀስ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚያወጣው ዓይነት ጩኸት ነው። ልጄ በሕይወት ሳለ ያንን በሰማሁ ቁጥር «ደግሞ ስልኩን ያዘው! ሰው ቢፈልገንስ?» እያልኩ ከጓዳ እጮህ ነበር። ሚጣም ተማሪ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ልታወራ ስልኩን ታነሳና ያ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። «እማ! ይሄ ስልክ በላ ልጅሽ ደግሞ ጀመረ!» ትል ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ቆሜ አዳመጥኩት።

ደብዳቤዎቿ ገቡ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፍለት። ዝም ብዬ ሳየው ምንም አይገባኝም። ፊደሉን እየለቀምኩ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ከገዛ አፌ የሷ ንግግር ይወጣል። አንዷን ለመጨረስ ብዙ ይፈጅብኛል፤ አልቸኩልም። የመጀመሪያዎቹ ቀልድ ናቸው። «አንተ ደንቆሮ፣ ሞተሃል እንዴ?» ብላ ነው የምትጀምረው። ሆዷ ውስጥ ያለው እንዴት እንደሚራገጥ ትጽፍለታለች፣ «እንዳንተ እረፍት የለውም» ትላለች። የኋለኞቹ ግን አስፈሩኝ። «የእማ ድምፅ ልክ አይደለም። አሟታል? አንተ ንገረኝ» ትላለች። የመጨረሻዋ አጭር ናት። «ደም ግፊትሽ ጨምሯል፣ የምትጨነቂበት ነገር አለ ወይ አለኝ ሐኪሙ። የለም አልኩት። እባክህ አንዲት ቃል ጻፍልኝ።»

እናም ሽቦ፣ አንዲት ቃል ልጽፍላት እፈልጋለሁ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብቻ። በስልክ መዋሸት ከብዶኛል፤ ድምፄ ያጋልጠኛል። ይሄ ግን ድምፅ የለውም። መልስ እንዴት እንደሚላክ አስተምረኝ።

---

ታኅሣሥ 3 ቀን

ማዘርዬ፣

አላስተምርዎትም።

ይህችን ቃል ጽፌ ወረቀቱን ቀደድኩት፣ እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ቀደድኩ። የማይከብድ አጻጻፍ አላገኘሁላትም። መልስ መላክ ከባድ አይደለም፤ ቢፈልጉ ኮምፒውተሩ ራሱ ቦታውን ያሳይዎታል። ከኔ ግን አይማሩትም።

ያስቡት እስቲ። «ደህና ነኝ» ብለው ይልካሉ። ደስ ይላታል፤ ትመልሳለች። ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች፤ እርስዎ ሥራ ይፈጥሩለታል። ትቀልዳለች፤ በሱ አፍ ይቀልዳሉ። ከወለደች በኋላ እውነቱ ሲነገራት ቀኖቹን ታስተያያለች። «ታዲያ ደህና ነኝ ያለኝ ማን ነበር?» ትላለች። ያን ጊዜ ወንድሟን ብቻ አይደለም የምታጣው፣ እናቷንም ነው።

«አንተ ልጅ የለህም፣ አይገባህም» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ቢሆንም ባሏን ያነጋግሩት። ሐኪሙ አጠገቧ እያለ ቢነገራት አይሻልም? መቼም እኔ ከዚህ ጉድጓድ ሆኜ መምከሬ ያሳፍራል።

ይቀየሙኝ፤ ግን መጻፍዎን አይተዉ።

ሽቦ

---

ታኅሣሥ 16 ቀን

ለሽቦ፤

አልተቀየምኩህም። መልስም አልላክሁም። አንተ ስለከለከልከኝ ብቻ አይደለም። የሱን ስም ጻፍኩና ቀጥሎ ያለውን ቃል እጄ እምቢ አለኝ። ግን ሳልጽፍም ዋሽቼ ተገኘሁ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን እየተውኩ ደብዳቤዎቿን ደግሜ አነባለሁ። ለማንበብ ስቀመጥ ሁልጊዜ «ኮኔክት» እለዋለሁ፤ ያለዚያ አይታዩም ብዬ ነው። እንደምታውቀው ንባቤ ቀስ ያለ ነው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስልኩ እንደተያዘ ይቆያል። ሚጣ አብዛኛውን ጊዜ የምትደውለው ጧት ስለሆነ አላሰብኩትም ነበር።

ዛሬ ጧት ደወለች።

«እማ! ያዝኩሽ!»

«ምኑን ነው የያዝሽኝ?»

«መጥቷል አይደል? እንዳትዋሺኝ!»

«ማን?»

«እማ ደግሞ! ከሰዓት በኋላ በደወልኩ ቁጥር ስልካችሁ ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል! ከዚያ ስልክ በላ ሌላ ማን ነው እንደዚያ የሚይዘው? አንቺ እንደሆንሽ በስልክ ከሰላምታ አታልፊም!»

ትስቃለች። በሳቁ መሐል ደግሞ ታለቅሳለች። «እማ፣ ልንገርሽ? ሞቷል ብዬ ነበር። ለባሌም አልነገርኩት፣ ለራሴም ጮክ ብዬ አላልኩት። መጀመሪያ ሲያዝብኝ እማ ከሰው ጋር እያወራች ነው አልኩ። በማግስቱም ሲያዝብኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። በይ ስጪኝ!»

«የለም» አልኳት።

«የት ሄደ?»

«ወጣ ብሏል።»

«ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ። እግሩን እሰሪልኝ! ልሰድበው ነው፣ ንገሪው።» ዘጋች።

«እኔ ነኝ» ማለት እንዴት ያቅተኛል? ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቃል ነበረች። ልጅቷ ራሷ ሐዘኑን ጀምራው ነበር፤ እኔ ከውስጧ አውጥቼ ጣልኩትና በቦታው ደስታ አስቀመጥኩላት። ነገ ያንን ደስታ መልሼ ልነጥቃት ነው።

ባሏን ሥራ ቦታው ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። «ነገ ሥራ አልገባም፣ ሐኪሙንም እነግረዋለሁ፣ አጠገቧ እሆናለሁ» አለኝ። ይንገሯትም አላለኝም፣ አይንገሯትም አላለኝም። ለኔ ተወው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ነገሩ አልፏል። መልስ ጠብቄ አይደለም የጻፍኩልህ። እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ ነው። ጨርቅ ብይዝ አበላሸዋለሁ።

---

ጥር 20 ቀን

ለሽቦ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ደብዳቤዎቹ አንዴ ከገቡ በኋላ ስልኩን ለቅቆ ማንበብ ይቻላል ብዬ አንዲት መስመር ብጨምር ኖሮ» ብለህ ራስህን ትረግማለህ። ተው ልጄ። አንተ ምን በወጣህ? እኔስ ብጠይቅህ ምን ነበረበት? መስመሩ ባይያዝም ሌላ ነገር ያጋልጠኝ ነበር፤ ምናልባት ግን እሷን እንዲህ ሳያስደስት ያጋልጠኝ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

«ተቆጣች ወይ?» ላልከው፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በሰዓቱ ደወለች። ገና ሳነሳው «አቅርቢልኝ ያንን ሰውዬ!» አለች።

«ሚጣዬ፣ ወንድምሽ ሞቷል» አልኳት። አስቀድሜ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝና ይህችው ብቻ ወጣች።

ባሏ ከወዲያ ስሟን ሲጠራ ይሰማኛል። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ታዲያ ስልኩን የያዘው ማን ነው?» አለችኝ። እንዴት አላለች፣ የት አላለች።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ደብዳቤዎችሽን ሳነብ።»

«የሱን ደብዳቤዎች» አለች። ቀጥላ «መቼ?» አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት። «ስለ ሹራቡ ስናወራ ሞቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሕፃኑ የምሠራውን ሹራብ ቀለም በስልክ ያማረጥኳት ከቀብሩ በኋላ በዚያው ሰሞን ነበር። የማወራው ሲጠፋኝ ያመጣሁት ወሬ ነው።

«አዎ» አልኳት።

«እኔ ቢጫ ይሁን፣ የለም ነጭ ይሁን እያልኩሽ?»

«አዎ ልጄ።»

«እማ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን አለቀስሽ። እኔንም ብቻዬን አስቀመጥሽኝ።» ከዚያ «አሁን እንዳትደውዪልኝ። ስችል እኔ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።

እስከ ዛሬ አልደወለችም።

ባሏ ግን ደውሎ ነበር። ወልዳለች። ጊዜው ሳይደርስ ነው የመጣው። ወንድ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ የሚሞቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኝተውታል፤ ትንፋሹን ግን ራሱ ይተነፍሳል አለኝ። እሷም ተርፋለች። ሐኪሙ «የደም ግፊቷ ነው ያመጣው፣ ባይነገራትም ይወለድ ነበር» ብሏል አሉ። ሐኪሙ እንዲያ ይበል፣ ወይ አማቼ ለኔ ሲል ይፍጠረው፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም። «ስለኔ ምን ትላለች?» አልኩት። «እስካሁን ምንም አላለችም፣ እማዬ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ መዋሸት ግን አይችልበትም።

ልክ ነበርኩ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም፤ እኔ ልንገርህ። ያልከኝ አልቀረም። ደህና ነኝ ብዬ ባልጽፍላትም ያው ነው የሆነው። ቀድሜ ብነግራት፣ ገና በጥቅምት፣ ሕፃኑ ምን ይሆን ነበር? እሱንም አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያውቅ ይመስለኝና ደግሞ ማንም አያውቅም እላለሁ። ስሰፋ የማስበው ይህንን ነው።

ምናልባት በኢንተርኔቱ ጽፋልኝ ይሆናል። አፍ ለአፍ ከብዷት በፊደል ብትሞክርስ? ይህን ሳስብ ወደ ክፍሉ እሄዳለሁ፣ መሸፈኛውን እገልጣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ግን ለማየት ስልኩን መያዝ አለብኝ። በያዝኩበት ሰዓት ብትደውልስ? ተመልሼ እወጣለሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መጠበቅ አይቻልም፤ ስልኩን መርጫለሁ። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅዬዋለሁ። ከቤትም አልወጣም፣ ዳቦ የምታመጣልኝ መምህሯ ናት። የስፌት መኪናዬንም ስልኩ አጠገብ አዙሬዋለሁ፤ ጩኸቱ ደወሉን እንዳይሸፍንብኝ ቀስ እያልኩ ነው የምረግጠው።

ስለዚህ አለቃህ ፈቅዶልህ እሁድ እደውላለሁ ያልከው ይቅር። ድምፅህን ብሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ አንተም ታውቀዋለህ። ከሞተ ወዲህ እሱን እንደኔ ከሚያውቀው ሰው ጋር አላወራሁም። ግን ልክ አንተ በደወልክበት ሰዓት እሷ ብትደውልና ተይዟል ብትባል፣ አሁን ደግሞ ማን ይዞታል ትላለች?

አትደውልልኝ ልጄ። ጻፍልኝ።

የጓደኛህ እናት